ከካፖርቱ ሥር የዋለው ሰደርያ

ባምላኩ ዓለሙ ከፍኖተ ሰላም ወደ ብር ወንዝ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ጎሽ ውኃ በምትባል መንደር ተወልዶ እዚያው ያረሰ፣ እዚያው ያገባ፣ እዚያው አራት ልጆች ያሳደገ ሰው ነው። ዕድሜው ሃምሳዎቹን አጋምሷል። በቆሎና በርበሬ ያመርታል፣ ሁለት ጥንድ በሬ አለው፣ በሰንበቴው ላይ ተራው ሲደርስ አያሳፍርም። ሰው ግን በእርሻው አያነሣውም። “አዳኙ ባምላኩ” ነው የሚለው።

የሚያድነው ከርከሮ ነው። ሥጋው አይበላም፤ ቆዳውም ለምንም አይሆንም። ግን ኅዳር ገብቶ በቆሎው ሲደርቅ የከርከሮ መንጋ ከብር ዳር ጫካ ይወጣና የአንድን ቤተሰብ የዓመት ጉርስ በአንድ ቀን አጋድሞት ይሄዳል። ስለዚህ የመንደሩ ወንዶች በየዓመቱ ለቀበሌው አስታውቀው አሰሳ ይወጣሉ። ገሚሱ ከውሾች ጋር ሆኖ እየጮኸ ጫካውን ያምሳል፤ ገሚሱ ጦሩን ይዞ መውጫው ላይ ይጠብቃል። ፈቃድ ያለው ጠመንጃ የባምላኩ ብቻ ነበር፣ ከአባቱ የወረሰው ምንሽር። ማን የት እንደሚቆም፣ መቼ እንደሚጮህ፣ ነፋሱ ከወዴት እንደሆነ የሚወስነውም እሱ ነበር።

አለባበስ ላይም ሕግ ነበረው። በኅዳር ንጋት ጎሽ ውኃ ላይ ያለው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ ወንዙ ዳር ሲደርሱ ደግሞ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ባምላኩ ከሥር ካናቴራ፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ከጅጋ ገበያ የገዛውን ቡላ የሰልባጅ ካፖርት ይለብሳል። ሲሞቀው ሹራቡን አውጥቶ ወገቡ ላይ ያስራል፣ ካፖርቱን ግን መልሶ ይለብሰዋል። “አዳኝ ደረቅ ሣር መምሰል አለበት” ይል ነበር። ነጭ ጋቢ ደርቦ የመጣ ካለ ከአፋፉ ይመልሰዋል፤ የሚከራከረው አልነበረም።

የባምላኩ ሚስት ንግሥቴ ትባላለች። ጌታሁን የሚባል የመጨረሻ ታናሽ ወንድም አላት። ጌታሁን ያን ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር፤ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ጨዋታ የሚወድ፣ ሲስቁበት አብሮ የሚስቅ ሰው። ሁለት ዓመት ያህል ቡሬ አካባቢ በሚሠራ መንገድ ላይ ባንዲራ እያውለበለበ መኪና ሲያሳልፍ ቆይቶ፣ ሥራው ሲያልቅ ወደ እርሻው ተመለሰ። ሲመለስ ስምንት ብርቱካንማ ሰደርያ ይዞ ነበር፣ ደረትና ጀርባቸው ላይ የሚያብረቀርቅ ጥብጣብ የተሰፋባቸው፣ የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሷቸው ዓይነት። አንድ መሐንዲስ ስለ አገሩ ሲያጫውተው ስለ ከርከሮው አሰሳ ነግሮት ኖሮ፣ “ይህማ ለእናንተ ነው የሚሆነው፤ ቁጥቋጦ ውስጥ እርስ በርስ እንዳትጫረሱ” ብሎ ሰጥቶት ነው።

በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ አሥራ አራት ሰዎች ከመንደሩ ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። ጌታሁን አንዱን ሰደርያ ከሹራቡ በላይ ለብሶ፣ ሰባቱን ታቅፎ፣ የራሱን ቡላ ካፖርት ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መጣ።

“ይህ ደግሞ ምንድን ነው?” አለ ባምላኩ።

“ሰደርያ ነው፣ አያ ባምላኩ። ከልብስ ሁሉ በላይ ይደረባል። ጫካ ውስጥ ሰው ከሰው እንዲተያይ።”

“ከርከሮውስ ዓይን የለውም?”

“ከርከሮ ቀለም ለይቶ አያይም ብሎኛል መሐንዲሱ። እኛን የሚያገኘን በጠረንና በኮቴ ድምፅ ነው አሉ።”

“መሐንዲሱ ስንት ከርከሮ ጥሏል?”

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጌታሁንም ሳቀ። ነገሩ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር። ግን ከመካከላቸው በዕድሜ ትልቅ የሆኑት አያ ይርሳው፣ ያስታርቃሉ ተብለው ከሦስት ቀበሌ የሚጠሩ ሽማግሌ፣ እጃቸውን ዘረጉ። “እስቲ ለኔ አንዱን ስጠኝ። ዓይኔም ደክሟል፣ የሚያየኝ ቢኖር አልጠላም” አሉና ለበሱ። አያ ይርሳው ለብሰውት ማን ይስቃል? ሌሎቹም እየተሻሙ ስድስቱን ወሰዱ። ጌታሁን ባዶ እጁን እያሻሸ ወደ ባምላኩ ዞረ። “እርስዎም ቢለብሱ ጥሩ ነበር፤ ግን አለቀ። የኔን ልስጥዎት?” አለ።

ይህን ያለው በቅንነት ነው። ባምላኩ ግን እንደ ስድብ ሰማው። ሠላሳ ዓመት ሲተኩስ አንድም ቀን ያልተጠረጠረ ዓይኑ በአሥራ አራት ሰው ፊት የተጠረጠረ መሰለው። “የፈለገ ይልበስ፤ እኔ አልፈልግም” ብሎ ቁልቁለቱን ተያያዘው።

ግማሽ መንገድ ላይ ምንጭ አለ። ሰዎቹ ጠጥተው ሲያልፉ ባምላኩ ጌታሁንን እጁን ይዞ ወደ ኋላ አስቀረው። የዚያን ቀን ለጌታሁን የተናገረውን ማንም አልሰማም።

“ሰው ፊት አቃለልኸኝ።”

“ኧረ እኔ? በምን?”

“ሌላው ይልበስ፣ ሌላው አያውቀኝም። አንተ የሚስቴ ወንድም ሆነህ በኔ ዓይን ካላመንህ ማን ሊያምን ነው? ሰውና እሪያ የማልለይ መስሎህ ነው?”

“ለእርስዎ ብዬ አይደለም፣ አያ። እንዲያው ለሁላችን...”

“ፈርተሃል። ፊትህ ላይ ይታያል። ከፈራህ ተመለስና ከእኅትህ ጋር በቆሎ ፈልፍል። ከወረድህ ግን ይህን የሙሽራ ልብስ አድርገህ ዓይኔ እንዳያይህ።”

ጌታሁን ጆሮው ድረስ ቀላ። ቁልቁል የሚወርዱትን ሰዎች አየ፣ ሰደርያውን አየ። ሊያወልቀው ቁልፉን ነካ አደረገና ተወው። ከዚያ ትከሻው ላይ ያለውን ካፖርት አውርዶ ከሰደርያው በላይ ለበሰ፣ እስከ አንገቱም ቆለፈው።

“እንዲህ ነው እንጂ! አሁን ወንድ መሰልህ” አለ ባምላኩ፤ ደስም አለው። በኋላ ሲያስበው እንቅልፍ የሚነሣው ይኸው ደስ ማለቱ ነው።

አሰሳው ተጀመረ። ባምላኩ ከወንዙ ዳር፣ ሸምበቆው በሚያልቅበት መውጫ ላይ ምንሽሩን ይዞ ተንበረከከ። ውሾቹን የያዘው ደጀኔ የሚባል ጎረቤታቸው ነው፤ ጌታሁንና ሌሎቹ ከላይ እየጮኹ ወረዱ። ጉም ገና ከወንዙ አልተነሣም። በጉሙ ውስጥ ባምላኩ አንድ ብርቱካንማ ነገር አየ፣ አያ ይርሳው ናቸው። ወዲያ ደግሞ ሌላ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ። ሳያውቀው ዓይኑ ለመደው። ልብሱን የናቀው ሰው በልብሱ መለየት ጀመረ፤ ብርቱካንማ የሆነው ሰው ነው፣ ያልሆነው ከርከሮ ነው ብሎ ዓይኑ ወሰነ። ሁለት ከርከሮዎች ከሸምበቆው ወጥተው አመለጡት። ተናደደ። ሦስተኛው ሲመጣ ሰማ፤ ሸምበቆው ተንኮሻኮሸ፣ ውሻ ጮኸ፣ ዝቅ ያለ ቡላ ጀርባ ከሸምበቆው መሐል ብቅ አለ።

ተኮሰ።

የተሰማው ጩኸት የሰው ነበር። አንድ ውሻ እግሩ ሐረግ ውስጥ ተጠላልፎበት፣ ጌታሁን ሊያስለቅቀው ጎንበስ ብሎ ኖሯል። ባምላኩ ጠመንጃውን ጥሎ ሮጠ። ጌታሁን በጎኑ ወድቋል፣ የቀኝ ትከሻው ደም በደም ሆኗል። ባምላኩ የካፖርቱን ቁልፎች በጣጠሰ። ካፖርቱ ሲከፈት ብርቱካንማው ቦግ አለበት። በዚያ ጉም ውስጥ ከዚያ የደመቀ ነገር አልነበረም።

አያ ይርሳውና ደጀኔ እያለከለኩ ደረሱ። “ምን ሆነ? ማን ነው?” አሉ ሽማግሌው።

ባምላኩ ያን ጊዜ ከአፉ ያወጣውን ቃል እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። “ጌታዬ ማረኝ” አላለም። “ወንድሜን ገደልሁት” አላለም። “ከውስጥ ነው የለበሰው!” ብሎ ጮኸ። “ሰደርያውን ከውስጥ ነው የለበሰው! እንዴት አድርጌ ልየው?”

ጌታሁን ከወደቀበት ቀና ብሎ አየው። አንድ ጊዜ ብቻ አየውና ዓይኑን ጨፈነ።

ቁስሉን በሹራብ አስረው፣ በቃሬዛ ተሸክመው ሽቅብ አወጡት። ከመንገዱ ላይ በቆሎ የጫነ አይሱዙ አገኙ፤ ሾፌሩ ሳይከራከር ወደ ፍኖተ ሰላም አከነፈው። ከዚያ ባሕር ዳር ተላከ። ነፍሱ ተረፈች። ጥይቱ ግን የትከሻውን አጥንት አድቅቆ፣ ጅማቱንም በጥሶ ነበርና ቀኝ እጁ ከክርኑ በላይ አልነሣ አለ፣ ጣቶቹም አልጨብጥ አሉ። እርፍ ሊይዝ ቀርቶ ማንኪያ አይይዝም። ፖሊስ የሁለቱንም ቃል ተቀበለ፣ ምንሽሩንም ወሰደ። ጌታሁን “ሳያየኝ ነው፤ ክስ የለኝም” አለ፤ ጉዳዩም ለሽማግሌ ተተወ።

በጥር፣ ጌታሁን ከሆስፒታል ሲወጣ፣ ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ተቀመጡ። አያ ይርሳው ጠየቁ። “ልጄ ጌታሁን፣ ልብሱን ያመጣኸው አንተ ነህ። እኛን አልብሰህ ስታበቃ አንተ ለምን ሸፈንኸው?”

ባምላኩ ጭንቅላቱን ደፍቶ መሬት ይጭር ነበር። አሁን ይናገራል ብሎ ጠበቀ። ቢናገር ይሻል ነበር፤ ልቡም የጓጓው ይናገርልኝ ብሎ ይሁን አይናገርብኝ ብሎ፣ እሱ ራሱ አላወቀም።

“ብርድ ነበር” አለ ጌታሁን። “ካፖርቱን ከላይ ደረብሁት። ሳላስበው ነው።”

ሽማግሌዎቹ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ባምላኩ ሳያይ ተኮሰ፣ ጌታሁንም ራሱን ሸፈነ፤ ጥፋቱ የሁለቱም ነው አሉ። ጌታሁን እስኪሻለው ድረስ ባምላኩ መሬቱን እንዲያርስለት፣ እንዲያጭድለት፣ እንዲወቃለት ፈረዱ። ባምላኩ ተነሥቶ “እሺ” አለ።

አረሰለት። ከራሱ ማሳ በፊት የጌታሁንን አረሰ፣ የራሱ ዘር ዘገየ። ሰው አይቶ አመሰገነው። “እንዲህ ያለ አማች ከየት ይገኛል?” ይሉታል መንገድ ላይ። ባምላኩ ምስጋናውን በሰማ ቁጥር ልብሱን ሰው ፊት የገፈፉት ያህል ይሸማቀቃል። ጌታሁን ከማሳው ድንበር ላይ ተቀምጦ ያያል። ስለ በሬ ያወራሉ፣ ስለ ዝናብ ያወራሉ። ስለ ምንጩ አንድ ቀን አላወሩም።

በዐቢይ ጾም ባምላኩ ወደ ንስሐ አባቱ ወደ ቄስ ክንፈሚካኤል ሄደ። “ሰው አቆሰልሁ፣ አባ” አለ። ቄሱ ታሪኩን እንደ ሁሉም ሰው ሰምተውታል። “ሳታውቅ ያደረግኸው ነው፣ ልጄ። እግዚአብሔር የልብህን ያያል” ብለው ስግደት ሰጡት። ሰገደ። ከተሰጠው በላይ ሰገደ፣ ግንባሩ ተላጠ። ግን በተነሣ ቁጥር “ሳታውቅ” የምትለዋ ቃል ትመጣበታለች። የማያውቀውን ተናዝዞ፣ የሚያውቀውን ይዞ ተመልሷልና።

የፋሲካ ዕለት ጌታሁን እነሱ ቤት ዋለ። ንግሥቴ ለወንድሟ ሥጋውን ቆራርጣ ፊቱ ታደርግለታለች፤ በግራ እጁ ይበላል፣ ወጡ ደረቱ ላይ ይንጠባጠባል። ልቧ እየተቃጠለ ቁጣዋን እሱ ላይ አወጣችው። “ጅል! ለሰው ሁሉ አልብሰህ አንተ ትሸፍነው? አሥር ዓመት ባስተምርህ ይህን አላስተምርህም ነበር። ሁለት ዓመት መንገድ ላይ ስትቆም ምን ተማርህ?” ጌታሁን ፈገግ አለ። “እውነትሽን ነው፣ እት ንግሥቴ” አላት። ባምላኩ የያዘውን ጉርሻ ወጭቱ ላይ መልሶ “በሬዎቹን ልይ” ብሎ ወጣ። በሬዎቹ ግን እዚያው በር ላይ ተኝተው ነበር።

ዓመቱ ዞረ። ለቀበሌው የተመደበችው የግብርና ባለሙያ ሕሊና ትባላለች፤ የጅጋ ልጅ ናት፣ ቀልጣፋ፣ ለሥራዋ የምትሞት። በጌታሁን የደረሰውን ሰምታ ስላዘነች ወረዳ ድረስ ተመላልሳ ሃያ ሰደርያ አስመጣች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ከዋርካው ሥር ሰብስባ አንዱን ገበሬ እንደ ሙሽራ አስቁማ ታለብሰው ጀመር።

“አንደኛ ካናቴራ” አለች። “ከዚያ ሹራብ። ከዚያ ካፖርት ወይም ጋቢ፣ የፈለጋችሁትን። ሰደርያው የመጨረሻው ነው፤ ከሁሉም በላይ። ሲሞቃችሁ ከሥሩ ያለውን አውልቁ፣ እሱን ግን መልሳችሁ ከላይ ልበሱት። ዝናብ ቢመጣ፣ ብርድ ቢመጣ፣ ምንም አይደረብበትም። ከውስጥ ከለበሳችሁት እንዳልለበሳችሁት ቁጠሩት።” ከዚያ ሰው እንዲገባው ብላ፣ ክፋት ሳይኖርባት ጨመረች። “ጌታሁንን እዩት። ብርድ በረደኝ ብሎ ምን እንደሆነ።”

ሰው ሁሉ ዞረ። ጌታሁን ቀኝ እጁን ቀስ አድርጎ ጋቢው ውስጥ ሸሸገ።

“ጌታሁንማ ለሙቀት መስሎት ነው የለበሰው!” አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ ዋርካውን አናጋው። ጌታሁንም አብሮ ሳቀ።

ባምላኩ ከሰው መሐል ቆሞ ነበር። ሕሊና ሰደርያ ሰጠችው፣ በሁለት እጁ ተቀብሎ “እግዜር ይስጥልኝ” ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ንግሥቴ ደጅ ላይ ሰሌን ዘርግታ በርበሬ ትቀነጥሳለች። አጠገቧ ቁጢጥ አለ። ሰደርያውን ጭኑ ላይ እያሻሸ፣ ፊቷን ሳያይ፣ ምንጩ ጋ ያለውን ሁሉ ነገራት። ፈሪ እንዳለው፣ ሸፍነው እንዳለው፣ ሲሸፍነው ደስ እንዳለው፣ ወድቆ ሳለ ምን ብሎ እንደጮኸ ነገራት። ንግሥቴ መቀንጠሷን አላቆመችም። በርበሬውን እየፈጠነች ትቀነጥሰው ጀመር፣ ዓይኗም አለቀሰ፤ የበርበሬው ይሁን የሌላ አልጠየቃትም።

“አንድ ዓመት ሙሉ” አለች በመጨረሻ። “አንድ ዓመት ሙሉ ወንድሜን ጅል እያልሁ ስሰድበው ተቀምጠህ ሰማህ።”

“ሰማሁ።”

“በፋሲካ ስሰድበው ሰማህ።”

“ሰማሁ፣ ንግሥቴ።”

“አሁን ለኔ ነግረኸኝ ቀለለህ?” እጇን በቀሚሷ ጠረገች። “ለኔ አይደለም የሚነገረው። የዋሸኸው እኔ ፊት ብቻ አይደለም።” ተነሥታ ነጠላዋን ለበሰች፣ በርበሬውን እንደተሰጣ ትታ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። ሦስት ቀን አልተመለሰችም። ለጌታሁን የሰማችውን አልነገረችውም፤ ልብሱን አጥባ፣ ቤቱን ጠርጋ፣ አብራው ተቀመጠች እንጂ።

አሰሳው ረቡዕ ሆነ። ሃያ ሰው ብርቱካንማ ለብሶ ከዋርካው ሥር ቆመ። ሕሊናም አለባበሱን ልታይ መጥታለች። ጌታሁን አሳሽ ባይሆንም ስንቅ ሊጠብቅ ተቀምጧል። ባምላኩ መሐል ገባ። ሊናገር የተለማመደው ሁሉ ጠፋበት።

“አንድ ነገር አለኝ” አለ። “ጌታሁን በብርድ አይደለም የሸፈነው። እኔ ነኝ ሸፍነው ያልሁት። ምንጩ ጋ። ፈሪ ነህ አልሁት። ከሴት ጋር በቆሎ ፈልፍል አልሁት። ከዚያ ነው ካፖርቱን የደረበው። ዓይኔን አምኖ ነው። እኔ ደግሞ መታሁት፣ መትቼም አሳበብሁበት። በሽማግሌ ፊትም ዝም አልሁ። ይኸው ነው።”

ሕሊና ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። አያ ይርሳው በዘንጋቸው ተደግፈው ቀስ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። “እኛን በሐሰት አስፈረድኸን” አሉ። ቁጣ አልነበረበትም ድምፃቸው፤ ድካም ነበረበት። “በእግዚአብሔር ቤት ቅጥር ውስጥ ተቀምጠን፣ የተጎዳውን ሰው አጥፍተሃል አልነው።”

ጌታሁን ተነሣ። ባምላኩ ወደ እሱ የሚመጣ መሰለው፤ ምናልባት ሊስመው፣ ምናልባት ሊመታው። ጌታሁን ግን በአጠገቡ አልፎ ወደ ማሳው ሄደ። ባምላኩ ተከተለው። የታጨደው በቆሎ ክምር ጋ ሲደርሱ ጌታሁን ዞረ። ፊቱ ላይ ያ ፈገግታ አልነበረም። ባምላኩ እንዲህ ተቆጥቶ አይቶት አያውቅም።

“ማን ጠየቀዎት?” አለ።

“እውነቱን ልናገር ብዬ...”

“እውነቱ የማን ነው? የእርስዎ ብቻ ነው? ጅል ቢሉኝ ችዬው ነበር። ጅል ሰው ይሳሳታል፣ ይሳቅበታል፣ ያልፋል። አሁን ግን አገር ሁሉ ምን አወቀ? እኔ ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ወንድ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዬ የነበረውን፣ ለሌላው ያስተማርሁትን ነገር፣ ፈሪ ተባልሁ ብዬ እንደተውሁት አወቀ። ብርድ ነው ያልሁት ለእርስዎ ብዬ መስሎዎታል? ለራሴ ነው የዋሸሁት። ያችን እፍረቴን ነበር የደበቅኋት።” በግራ እጁ ክምሩን ተደገፈ። “ሊናገሩ ካሰቡ ለኔ አይነግሩኝም ነበር? መጥተው አይጠይቁኝም ነበር?”

ባምላኩ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ እፍረቱ ሲያስብ፣ ጌታሁንም የራሱ እፍረት ይኖረዋል ብሎ አንድ ቀን አላሰበም። “ይህን አላሰብሁም” አለ።

“አዎ፤ አላሰቡም” አለ ጌታሁን፤ ትቶትም ሄደ።

በዚያ ዓመት ጌታሁን እንዲያርስለት አልፈቀደም። መሬቱን ደጀኔ በሲሶ አረሰው። ንግሥቴ ወደ ቤቷ ተመለሰች፣ ምግብ ታቀርባለች፣ ትናገራለችም፤ ግን አጭር አጭር ነው። የመንደሩ ሰው አልጮኸበትም፣ አላገለለውም። “እንዲህ ያለ አማች” የሚለው ግን ቀረ፣ ምክር ሊጠይቅ የሚመጣውም ቀነሰ። አያ ይርሳው አንድ ቀን ቤቱ ድረስ መጥተው፣ ጠላ ቢቀዳላቸው ሳይጠጡ፣ “አሰሳውን ሌላ ሰው ይምራው” አሉት። “ይሁን” አለ። ጠመንጃውን ለማስመለስም ወደ ፖሊስ አልሄደም። ዛሬ ወደ አሰሳ የሚወርደው በትር ይዞ ነው፣ ከአባራሪዎቹ ጋር፣ ሰደርያውን ከሁሉም ልብሱ በላይ ለብሶ። ጎረምሶች በዓይናቸው ሲጠቃቀሱ ያያል። ፊቱ ይግላል፣ መጮኹን ይቀጥላል።

በሦስተኛው ዓመት፣ ግንቦት ላይ፣ ከደጀኔ በሬዎች አንዱ ታመመ። ዝናቡ ደርሷል። ጌታሁን በእኅቱ በኩል ላከበት፤ “በሬዎቹ ደህና ከሆኑ ነገ ይምጣ” ብላ ነገረችው። ባምላኩ ገና ጎሕ ሲቀድ ማሳው ላይ ነበር። ጌታሁን በግራ እጁ ጅራፍ ማጮኽ ተምሯል። ባምላኩ እርፉን ይዞ፣ ጌታሁን ከፊት በሬዎቹን እየመራ፣ እስከ ረፋድ ያለ ወሬ አረሱ።

በማሳው ጥግ የሚያልፍ መንገድ አለ። ከቡሬ ወገን የመጣ አንድ በግ ነጂ መንገደኛ ቆም ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ደግ ሰው ነበር፣ ነገር ግን ወሬ ይወዳል። የጌታሁንን እጅ አይቶ “ምነው ወንድሜ፣ ምን አገኘህ?” አለ።

“አደን ላይ ተመታሁ” አለ ጌታሁን።

“እኔን! ማን መታህ?”

ጌታሁን የበሬውን ቀንበር ማስተካከል ጀመረ።

“እኔ ነኝ” አለ ባምላኩ፣ እርፉን እንደጨበጠ።

መንገደኛው አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየ። “እግዚአብሔር ያበርታችሁ” ብሎ በጎቹን ነዳ። ባምላኩ የአንገቱ ሥር ሳይቀር ግሎ፣ ዓይኑን ከትልሙ ላይ አላነሣም። ጌታሁን ወደ ኋላ ዞሮ አየው፣ ረዘም አድርጎ። ከዚያ ጅራፉን አነሣ።

“በል ሂድ!” አለ፤ ለበሬዎቹ ነው። በሬዎቹ ተንቀሳቀሱ፤ እስከ ቀትር ድረስ የቀረውን ትልም አብረው ጨረሱት።